የወትሮው ኑሮ ሲናፍቅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ጥቂት ይሰማል፤ ቀስ እያለ ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ይገባል)

አቅራቢ፦    ቡና የተፈላበት ቤት ካለ እሰየው፤ ቀረብ ብላችሁ ስሙን።

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። ለቅሶ ቤት አምሽታችሁ ታውቃላችሁ? መቼም የማያውቅ የለም። እስቲ አስታውሱት። ቀብሩ ተፈጽሟል። ድንኳኑ ውስጥ አንድ አምፖል በርቷል። አግዳሚው ላይ ጋቢ የደረቡ ሰዎች ተደርድረዋል። ወዲያ ጥግ ላይ ጎረምሶች ካርታ ይጫወታሉ። ከመሃል አንዱ ጎረቤት ሟቹ በሕይወት ሳሉ ያደረጉትን የሚያስቅ ነገር ያነሳል። ይሄኔ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱ የዋሉት እናት ሳያስቡት ፈገግ ይላሉ፤ ነጠላቸውንም ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ።

ለመሆኑ ያን ጊዜ «እንዴት ይስቃሉ?» ብሎ የሚቆጣቸው አለ? የለም። እንዲያውም ሰዉ የመጣው ለዚሁ ነው። ወዴት ትሄዳለህ ሲባል፣ «ሐዘንተኛ ላጫውት» ነው የሚለው። ማጫወት። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ዛሬ ደጋግመን እንመለስባታለን።

(አጭር የመሰንቆ ድምፅ)

አቅራቢ፦ የዛሬው ርዕሳችን እንዲህ ነው። በጦርነት መሃል ያለ ሰው የወትሮውን ኑሮ የሚናፍቀው ለምንድን ነው? ጨዋታ፣ ሙዚቃ፣ ፊልም፣ ልብን ሞቅ የሚያደርግ ነገር ለምን ያምረዋል? መድፍ እየተተኮሰ ቲያትር ቤት የሚሄድ ሰው ልቡ ደንድኖ ነው? ወይስ እኛ ከሩቅ ያላየነው ነገር አለ?

ይህን ለመመለስ ወደ አንዲት ከተማ ልውሰዳችሁ። ሳራዬቮ ትባላለች፤ የቦስንያ ሄርዞጎቪና ዋና ከተማ ናት። አዲስ አበባን የምታውቁ እንጦጦን በዓይነ ልቡናችሁ አምጡት። አሁን ደግሞ እንጦጦ በአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ቢሆን ብላችሁ አስቡ። ከተማዋ ከታች በሸለቆው ውስጥ ተዘርግታለች፤ በመሃሏ ሚልያትስካ የምትባል ወንዝ ታልፋለች፤ ተራሮቹም ከላይ ሆነው ቁልቁል ያይዋታል።

እነዚያ ተራሮች በአንድ ወቅት የደስታ ቦታ ነበሩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደው እዚያ ነው። የዓለም ወጣቶች በበረዶው ላይ ሲንሸራተቱ በቴሌቪዥን ታይቷል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ሚያዝያ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ እኛ አገር ደርግ ከወደቀ ዓመት ሳይሞላ፣ በእነዚያው ተራሮች ላይ መድፍ ተጠመደ። ትሬቤቪች በሚባለው ተራራ ላይ ስፖርተኞች ይወዳደሩበት የነበረው የበረዶ መንሸራተቻ የጦር ምሽግ ሆነ።

የቦስንያ ሰርቦች ጦር ከተማዋን ከበበ። ከበባው እስከ 1996 የካቲት ማብቂያ ቆየ። በቀን ቢቆጠር 1,425 ቀን ነው። ከበባው በጀመረበት ቀን የተጸነሰ ልጅ ከበባው ሲያበቃ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ሰላም ምን እንደሚመስል ግን አላየም።

(አፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ እስቲ የአንድ ቀን ኑሯቸውን እንይ። መብራት የለም። ጋዝ የለም። የቧንቧ ውኃ ተቋርጧል። በክረምት ለማገዶ ሲባል የመናፈሻዎቹ ዛፎች ተቆርጠዋል። ውኃ የሚገኘው ከተማዋ ውስጥ ካለው ከቢራ ፋብሪካው ምንጭ ነው። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል። ከዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። ግድግዳው ላይ «ተጠንቀቅ፣ አነጣጣሪ ተኳሽ አለ» የሚል ተጽፏል። ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ጀሪካኖቹን አጥብቆ ይይዛል፤ ይሮጣል።

አሁን ልብ በሉ። ያንን መንገድ ሮጠው ከሚሻገሩት መካከል ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ሊፕስቲክ ተቀብተው፣ ያላቸውን ጥሩ ጫማ ተጫምተው የሚወጡ ሴቶች ነበሩ። ከተማዋን የጎበኙ ጋዜጠኞች በጣም የገረማቸው ይህ ነው። ውኃ በጠፋበት ከተማ ፀጉር መታጠብ! ጥይት በሚያፏጭበት መንገድ ላይ ተኳኩሎ መውጣት!

ለምን ይመስላችኋል? እስቲ ለአፍታ አስቡት።

(የሰዓት ቆጣሪ ድምፅ፤ ለጥቂት ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ሞኝነት ነው» ብላችሁ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ተራራው ላይ ያለው ተኳሽ በአነጣጣሪው ውስጥ የሚያየው ዒላማ ነው። ያቺ ሴት ግን ከቤቷ ስትወጣ ዒላማ ሆና መውጣት አልፈለገችም። እንደ ወትሮዋ፣ ራሷን ሆና ወጣች። ጦርነቱ ውኃዋን፣ መብራቷን፣ እንቅልፏን ወስዶባታል። መልኳን ግን የምትወስነው እሷ ናት። ጦርነት ከሰው ላይ ብዙ ነገር ይወስዳል፤ መጀመሪያ ከሚወስደው አንዱ ምርጫ ነው። ሰው ደግሞ ትንሿን ምርጫ ይዞ ይቀራል።

ቡናንም ውሰዱ። ቦስንያዎች እንደ እኛ ቡና ወዳጆች ናቸው። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ በትንሽ ስኒ፣ ረጋ ብሎ ጨዋታ እያመጡ መጠጣት የእነሱም ወግ ነው። በከበባው ዘመን ቡና ሲጠፋ ምን አደረጉ? ሩዝና ምስር ቆልተው፣ ፈጭተው፣ እንደ ቡና አፈሉት። ጣዕሙ ቡና እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ግን ጎረቤት ተጠራ፤ ስኒው ቀረበ፤ ጨዋታው ተጀመረ። ቡና የሚጠራ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ዋናው የሚጠጣው አይደለም፣ የሚጠራው ሰው ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ቁም ነገር እንያዝ። የወትሮውን ኑሮ መናፈቅ ሐዘንን መናቅ አይደለም። ልድገመው። የወትሮውን ኑሮ መናፈቅ ሐዘንን መናቅ አይደለም። ጦርነቱ እኔን ጨርሶ አልወሰደኝም ማለት ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ከሩቅ ሆኖ የሚያስብ ሰው ጦርነት ሁልጊዜ ተኩስ ይመስለዋል። የኖረበት ግን ሌላ ይነግራችኋል። አብዛኛው መጠበቅ ነው። ዳቦ መጠበቅ። ውኃ መጠበቅ። የወጣ ሰው እስኪመለስ መጠበቅ። ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ድብደባው እስኪበርድ መጠበቅ። ቀኑ ከቀኑ አይለይም። ፍርሃትና መሰልቸት አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውን ከውስጥ ይበሉታል። ክራር የሚጫወት ሰው ያውቃል፤ ክሩ ሌት ተቀን ተወጥሮ አይዘልቅም፤ አንዳንዴ ካልላላ ይበጠሳል።

ስለ መጠበቅ ካነሳን አይቀር፣ አንድ ቲያትር ልንገራችሁ። በ1993 በጋ፣ ሱዛን ሶንታግ የምትባል ታዋቂ አሜሪካዊት ደራሲ ወደ ተከበበችው ሳራዬቮ ሄደች። ከከተማዋ ተዋንያን ጋር የሳሙኤል ቤኬትን ታዋቂ ተውኔት፣ ጎዶን ስለመጠበቅ የሚናገረውን፣ አዘጋጀች። ታሪኩ ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዛፍ ሥር ሆነው ጎዶ የሚባል ሰው ይጠብቃሉ። ጎዶ ግን አይመጣም።

ልምምዱን በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ። መብራት ስለሌለ መድረኩ ላይ ሻማ ይበራል። ተዋንያኑ ጠዋት ውኃ ሲቀዱ፣ ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ ቆይተው ነው የሚመጡት። ምግብ በቅጡ አላገኙም። ስለዚህ ተራቸው ባልሆነበት ጊዜ መድረኩ ላይ ጋደም ይላሉ። ተራቸው ሲደርስ ይነሳሉ፤ ይናገራሉ፤ መልሰው ይጋደማሉ። ሶንታግ ሁለቱን ጠባቂዎች በሦስት ጥንድ ተዋንያን አጫወተቻቸው፤ አንዱ ጥንድ ወንዶች፣ አንዱ ሴቶች፣ ሦስተኛው ወንድና ሴት። መጠበቅ የሁሉም ዕጣ ነበራ!

ተመልካቹስ? ተመልካቹ ያንን አስፈሪ መንገድ አቋርጦ መጣ። በሻማ ብርሃን ተቀምጦ፣ የማይመጣ ሰው የሚጠብቁ ሰዎችን አየ። ከተማዋ ራሷ ከውጭ የሚደርስላትን ስትጠብቅ ከርማለችና፣ መድረኩ ላይ ያየው ራሱን ነበር።

እነዚያ የተራቡ ተዋንያን ያን ጊዜ ያደረጉት ምንድን ነው? እናንተ ንገሩኝ። አዎ፣ አጫወቱ። ሐዘንተኛዋን ከተማ አጫወቱ።

(የቼሎ ድምፅ፤ በዝግታ፤ ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ይቆያል)

አቅራቢ፦ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1992 ግንቦት፣ ዳቦ ለመግዛት የተሰለፉ ሰዎች ላይ የመድፍ ጥይት ወድቆ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተው ነበር። በከተማዋ ቬድራን ስማይሎቪች የሚባል የኦርኬስትራ ቼሎ ተጫዋች ነበረ። ቼሎ ቫዮሊንን የሚመስል፣ ግን ተለቅ ያለ፣ ቁጭ ብለው በጉልበት መሃል ይዘው የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። ከዚያ አደጋ በኋላ ይህ ሰው ለኮንሰርት የሚለብሰውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለበሰ። ወንበሩንና ቼሎውን ይዞ ወጣ። በፍርስራሽ መሃል ተቀምጦ፣ በአልቢኖኒ ስም የሚታወቀውን ያዘነ ዜማ ተጫወተ። በቀብር ላይም፣ በተቃጠለው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ውስጥም ተጫውቷል።

አያችሁት? ሊያስቅ አልወጣም። ማጫወት ሁልጊዜ ማሳቅ አይደለም። አብሮ መቀመጥም ማጫወት ነው።

(የቼሎው ድምፅ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ወጣቶቹስ? ወጣት ደግሞ ወጣት ነው። ልቡ ይዘላል። ሙዚቃ ይፈልጋል፤ መተያየት ይፈልጋል፤ መውደድና መወደድ ይፈልጋል። በ1993 ግንቦት ላይ በተከበበችው ከተማ ውስጥ የቁንጅና ውድድር ተካሄደ። አሸናፊዋ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ተወዳዳሪዎቹ መድረክ ላይ ተሰልፈው አንድ ጽሑፍ ዘርግተው ያዙ። «እንዲገድሉን አትፍቀዱላቸው» ይላል። ቁንጅናና ሞት በአንድ መድረክ! ከዚያም በ1995 መኸር፣ ከበባው ጨርሶ ሳይነሳ፣ የፊልም ፌስቲቫል ጀመሩ። ፌስቲቫሉ ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል።

የእኛም ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሰዓት እላፊ በነበረ ጊዜ ሙዚቃ ለመስማትና ለመደነስ የወጣ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት እዚያው ያድር ነበር። በሩ ይዘጋል፤ ሙዚቃው ይቀጥላል፤ ሰዉ ሲነጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናትና አባቶቻችንን ጠይቋቸው፤ ይነግሯችኋል።

(አፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ አሁን ግን የሚከብደው ክፍል ላይ ደረስን። ይህን ታሪክ ሳልነግራችሁ ብቀር እውነቱን ግማሽ አደርገው ነበር።

በ1993 ሰኔ መባቻ፣ ዶብሪኛ በሚባለው የሳራዬቮ ሰፈር፣ ነዋሪዎች የእግር ኳስ ውድድር አዘጋጁ። ቀኑ የበዓል ቀን ነበር፤ ዒድ አል አድሐ። አዘጋጆቹ ግድ የለሾች አልነበሩም። ቦታውን አስበው መረጡ። በሦስት ወገን በፎቅ ቤቶች የተከለለ የመኪና ማቆሚያ ነው። በአራተኛው ወገን ኮረብታ ይጋርደዋል። ከጠላት ምሽግ አይታይም ብለው አመኑ። ወደ 200 የሚሆን ሰው ሊያይ መጣ። ጨዋታው በመካሄድ ላይ ሳለ ሁለት የሞርታር ጥይቶች ተከታትለው ወደቁ። ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወደ 100 የሚሆኑ ቆሰሉ።

በሚቀጥለው ዓመት በጥር፣ በሌላ ሰፈር፣ በረዶ ላይ ይጫወቱ የነበሩ ስድስት ልጆች እንዲሁ በመድፍ ተገደሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው። ባይጫወቱ አይሻልም ነበር? ቤታቸው ቢቀመጡስ?

(አፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ ወላጅ የሆነ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ልቡ ይከፈላል። እኔም ቀላል መልስ የለኝም። ሁለት ነገር ግን መናገር እችላለሁ።

አንደኛ፣ ቤት መቀመጥም አላዳነም። ሰዎች በመኝታቸው፣ በወጥ ቤታቸው፣ በዳቦ ሰልፍ፣ በገበያ መሃል ተገድለዋል። ሁለተኛ፣ ጥፋቱ የማን ነው? የተጫወተው ልጅ ነው ወይስ የተኮሰው? ለቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ሄግ ላይ የተሰየመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ይህንኑ መርምሯል። በዚያን ጊዜ ከተማዋን የከበበውን ጦር ይመራ የነበረው ጄኔራል ስታኒስላቭ ጋሊች ሰላማዊውን ሕዝብ በማሸበር ጥፋተኛ ተብሎ በ2006 በይግባኝ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የዶብሪኛው እግር ኳስ ጨዋታ ፍርድ ቤቱ ከመረመራቸው ድርጊቶች አንዱ ነው። እንግዲህ «ለምን ተጫወታችሁ?» የተባለ የለም። የተጠየቀው የተኮሰው ነው።

ሁለተኛውን ቁም ነገር እዚህ ላይ እንያዝ። ሰው መጫወት ስላማረው አይወቀስም። የጎልማሶቹ ድርሻ ናፍቆቱን ማፈን ሳይሆን የተሻለ መጠለያ መፈለግ ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ግን አድማጮቼ፣ አንድ ነገር ለዩልኝ። ጨዋታ ሌላ ነው፤ የጦርነት ሞቅታ ሌላ ነው።

ጦርነት ራሱ ያሞቃል። ወሬው ያሞቃል። «እዚህ ያዙ፣ እዚያ ደመሰሱ» የሚለው ያሞቃል። በስልካችን የሚመጣውን የውጊያ ቪዲዮ እንደ ኳስ ጨዋታ እያየን፣ እየተቀባበልን፣ እያጨበጨብን ስናመሽ፣ እኛም የሞቅታ ናፍቆታችንን እየተወጣን ነው። ያ ቪዲዮ ውስጥ ያለው ግን የሰው ልጅ ነው። የእነዚያ የሳራዬቮ ተዋንያን ጨዋታ ዒላማ የነበረውን መልሶ ሰው አደረገው። የጦርነት ሞቅታ ግን ሰው የነበረውን ዒላማ ያደርገዋል። መለያው ይህ ነው። ልብህ ሲሞቅ፣ ሰው እየቀረበህ ነው ወይስ እየራቀህ? ራሳችንን እንጠይቅ።

ሌላም አለ። ከጦርነት ርቀው ያሉ ዘመዶች። ዋሽንግተን፣ ሪያድ፣ ቴል አቪቭ ወይም ሮም ሆናችሁ የምታዳምጡን ታውቁታላችሁ። አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ስልኩ አይነሳም። እናንተ ደግሞ የጓደኛ ሠርግ ላይ ተጠርታችኋል። እስክስታው ሲደምቅ ትከሻችሁ ሊነሳ ይልና ትደነግጣላችሁ። «እነሱ እንዲያ ሆነው፣ እኔ እንዲህ?» ትላላችሁ። ይህ ጸጸት ከፍቅር የመጣ ነው። ግን እባካችሁ በራሳችሁ አትጨክኑ። የእናንተ አለመብላት የእነሱን ማዕድ አይሞላም። ስልኩ የተነሳ ቀን ደግሞ የሚያጫውት ሰው ያስፈልጋቸዋል። ራሱን በጸጸት የጨረሰ ሰው ምን ይዞ ያጫውታል?

(የስልክ ጥሪ ድምፅ፤ ሁለት ጊዜ)

አቅራቢ፦ ስልኩ ከተነሳ ምን እንበል? ሁልጊዜ «ተኩሱ እንዴት ነው? ማን ሞተ?» ብቻ እንጠይቃለን። መጠየቁ አይከፋም። ግን እዚያ አናቁም። «ዛሬ ምን ሠራሽ? ልጁ ደብተሩን ጨረሰ? ዶሮዋ ፈለፈለች? ያ ጎረቤትሽ ዛሬም ያኮርፋል?» እንበል። እማማ ለአንዲት ደቂቃ ከጦርነት ወጥተው ስለ ዶሮአቸው ይናገሩ። ያቺ ደቂቃ ትንሽ አይደለችም።

ልጆች ያሉበት ቤትስ? ከመስኮት የራቀ፣ በግድግዳ የተከለለ ቦታ ይፈለግ። እዚያ ገበጣ ይጫወቱ፤ ተረት ይነገራቸው። መብራት ሲጠፋ አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ሲመልሱ፣ ጨለማው ለጥቂት ጊዜ የተረት ጨለማ ይሆናል። በሰዓቱ መብላት፣ በሰዓቱ መተኛት፣ ትምህርት ቤት ቢዘጋም ትንሽ ማንበብ፤ ለልጅ የወትሮው ኑሮ ማለት ይህ ነው።

ልጆች ይህን እንደማይረሱ በምን እናውቃለን? ያስሚንኮ ሃሊሎቪች የሚባል፣ በከበባው ውስጥ ያደገ የሳራዬቮ ሰው፣ እንደሱ በጦርነት ያደጉትን አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው። «የጦርነት ልጅነት ለእናንተ ምን ነበር?» አላቸው። መልሱን በጣም አጭር እንዲያደርጉት ነገራቸው። ከ1,000 በላይ ሰዎች መለሱለት። መልሶቹን በ2013 በመጽሐፍ አወጣ። በ2017 ደግሞ በሳራዬቮ የጦርነት ዘመን ልጅነት ሙዚየም ተከፈተ። እዚያ የምታገኙት ታንክና መድፍ አይደለም። የልጆች መጫወቻ፣ ሥዕል፣ ደብዳቤ፣ ልብስ፣ ፎቶግራፍ ነው። እያንዳንዱም ከባለቤቱ ታሪክ ጋር ተቀምጧል። ሰዎቹ ያንን ዕቃ ይህን ያህል ዓመት ያስቀመጡት ለምን ይመስላችኋል?

(የመሰንቆ ድምፅ፤ በዝግታ)

አቅራቢ፦ ሰዓታችን እየተገባደደ ነው፤ ያነሳነውን ሰብሰብ እናድርገው። የወትሮውን ኑሮ መናፈቅ ሐዘንን መናቅ አይደለም። ሰው መጫወት ስላማረው አይወቀስም፤ የተሻለ መጠለያ እንፈልግለት። ጨዋታንና የጦርነት ሞቅታን ደግሞ እንለይ።

ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ክፉ ጊዜ ያሳለፈ ሰው በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ካለ፣ ቡና አፍልታችሁ ቅረቡት። «በዚያን ጊዜ ምን ደረሰባችሁ?» ከማለታችሁ በፊት፣ «በዚያን ጊዜ ምን ናፈቃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። የሰማችሁትን ባለቤቱ ከፈቀደ ጽፋችሁ ላኩልን፤ በአየር ላይ እናነበዋለን።

እኚያ ለቅሶ ቤት ያሉት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲስቡ፣ ፈገግታቸውን ሊደብቁ ፈልገው ይሆናል። አጠገባቸው የተቀመጠው ጎረቤት ግን አይቷል። አይቶም ጨዋታውን ቀጥሏል። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

  

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ከፍ ይላል፤ ቀስ ብሎ ያበቃል)